ባለብርሃን የሕንፃ ገጽታ፦ የብራስልሱ የባንክ ሕንፃ ተሞክሮ

በትላልቅ ከተሞች በሚገኙ የድርጅት ሕንፃዎች ግድግዳና መስኮት ላይ በኮምፒውተር የሚታዘዙ መብራቶችን በመግጠም ሕንፃውን በምሽት ወደ ግዙፍ የቀለም ሰሌዳ የመለወጥ ሥራ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ ወዲህ በስፋት እየተለመደ መጥቷል። ይህ ገጽታ ከማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለየው በሕንፃው ላይ የተሰቀለ ሳይሆን የሕንፃው አካል በመሆኑ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ በ2022 የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ምሽት ላይ በብርሃን ደምቆ ይታያል።

አሠራሩ ኤል ኢ ዲ በተባለው መብራት ላይ የተመሠረተ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች በአንድነት ተገጥመው የየአንዳንዳቸው ድምቀት ከፍና ዝቅ ሲደረግ የተለያዩ ቀለማት ይገኛሉ። ቀይና አረንጓዴው አስቀድሞ የነበረ ሲሆን ደማቁ ሰማያዊ ግን ዘግይቶ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ የተገኘ ነው። ለዚህም አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በዘርፉ በቀዳሚነት ከሚጠቀሱት አንዱ በቤልጂየም ርዕሰ ከተማ ብራስልስ፣ በሮዢዬ አደባባይ እ.ኤ.አ በ2006 የተጠናቀቀው የዴክሲያ ባንክ ሕንፃ ነው። 38 ፎቅ ካለው ከዚህ ሕንፃ መስኮቶች መካከል 4 ሺህ 200 ያህሉ እያንዳንዳቸው 12 መብራቶች ተገጥመውላቸዋል። አንድ መስኮት እንደ አንድ የምስል ነጥብ ስለሚያገለግል ገጽታው ጽሑፍንም ሆነ የሰው ፊትን አጥርቶ ለማሳየት አያመችም። የቀለምን መለዋወጥ ለማሳየት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ላቡ የተባለው የብራስልስ የኪነ ጥበብ ቡድንም የተጠቀመው በዚሁ ባሕርይ ነው። እ.ኤ.አ በ2006 መጨረሻ በሕንፃው ግርጌ በተተከለ የንክኪ ማያ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ የሕንፃውን ቀለም መለወጥ ችሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በቀረበው ሥራ ደግሞ ሕንፃው የነገውን አየር ጠባይ መናገር ጀመረ፤ የሙቀቱ መጠን ከወሩ አማካይ ከፍ ካለ ወደ ቀይ፣ ዝቅ ካለ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ይለወጣል። ደመና፣ ዝናብና ነፋስም በቅርፆች ይገለጹ ነበር። ነዋሪው ጃንጥላ መያዝ አለመያዙን ቀና ብሎ ይወስናል ማለት ነው፤ የድርጅት ስም ብቻ ከሚያሽከረክሩ ገጽታዎች ይህ የላቀ አገልግሎት ነው።

ይሁንና ብርሃኑ የሚቆመው ወጪውን የሚሸፍን ባለቤት እስካለ ድረስ ነው። ዴክሲያ እ.ኤ.አ በ2008 የገንዘብ ቀውስ ተመትቶ በቤልጂየም፣ በፈረንሳይና በሉክሰምበርግ መንግሥታት ድጎማ ቢተርፍም በ2011 ከመፍረስ አልዳነም። ሕንፃውም ዛሬ የሚጠራው ሮዢዬ በሚለው የአደባባዩ ስም ነው።

ሌላው ጥያቄ የሌሊቱ ጨለማ ነው። ኃይለኛ ብርሃን በሌሊት የሚጓዙ ወፎችን መንገድ ያስታል፤ የጎረቤት ነዋሪዎችንም እንቅልፍ ይነሳል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ ከሐምሌ 2013 ጀምሮ የመኖሪያ ያልሆኑ ሕንፃዎች የውጭ ገጽታ መብራት ቢዘገይ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ እንዲጠፋ ደንግጋለች።