ማንቲስና «የቁጥቋጦ ነብር»፤ ስለ ስያሜያቸው ታሪክ

«ማንቲስ» በጽርእ ቋንቋ ነቢይ፥ ባለ ራእይ ማለት ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የአውሮፓውን ዝርያ «ሃይማኖተኛ» ሲል ሰየመው፤ የፊት እግሮቹን አጥፎ ሲቆም የሚጸልይ ይመስላልና። እነዚያ እግሮች ግን ማደኛዎቹ ናቸው።

አንድ የቅርብ ጊዜ ስያሜ በአንጻሩ ከአደኑ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች በሩዋንዳ፥ በኒዩንግዌ ደጋማ የዝናብ ደን ማንቲሶችን ሲፈልጉ፥ ክንፋሙ ወንድ በሌሊት ወደ ብርሃን ወጥመዳቸው መጣ። መብረር የማትችለው ሴት ግን በቁጥቋጦና በረገፈ ቅጠል መካከል ተፈልጋ ተገኘች። በዚያ እያደባች ታድናለችና፥ በ2014 ዝርያው «ዲስታክታ ቲግሪፍሩቴክስ» ተባለ፤ ይኸውም ከላቲኖቹ «ቲግሪስ» እና «ፍሩቴክስ»፥ ማለትም ቁጥቋጦ፥ የተጣመረ ነው።

ለተርጓሚው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ቲግሪስ» የእስያው ባለ መስመር አውሬ ሲሆን፥ የእኛ ነብር፥ የግእዙ «ነምር»፥ ዝንጉርጉሩ ነው፤ ዛሬ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። ሆኖም ስያሜው የተሰጠው ስለ ቆዳ ሳይሆን ስለ አደን ስለ ሆነ፥ «የቁጥቋጦ ነብር» ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። «ባለ መስመር» የሚል ቅጽል ብንጨምርበት ግን አንባቢውን በነፍሳቷ ላይ የሌለ መስመር እናስፈልገዋለን። ስለዚህ ተርጓሚ ቃሉን ከመፍታቱ አስቀድሞ የአሰያየሙን ምክንያት ይመርምር እንላለን።