«ቦይኮት» ስለ ተባለው የእንግሊዝኛ ቃል አመጣጥና አገባብ

ከሰው ስም የወጡ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜም ስሙን ለቃሉ ያወረሰው ሰው ነገሩን የፈለሰፈው ወይም የሠራው ነው። «ቦይኮት» ግን ከዚህ ልማድ የተለየ ነው፤ የተሰየመው ድርጊቱን በፈጸሙት ሰዎች ሳይሆን ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰው ስም ነውና። ይህ ትንሽ የሚመስለው ነገር በቃሉ ትርጕም ላይ ያስከተለውን ጣጣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ከኒንግሃም ቦይኮት በ1832 በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ተወለደ። በወጣትነቱ ለጥቂት ጊዜ በወታደርነት ካገለገለ በኋላ ወደ አየርላንድ ሄዶ በእርሻ ሥራ ኖረ። ሰው ሁሉ «ካፒቴን» እያለ ይጠራው ነበር እንጂ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ እስከዚያ ማዕርግ አልደረሰም። በ1880 በሜዮ አውራጃ በማስክ ሐይቅ አጠገብ ሎርድ ኧርን ለተባለ ባለርስት እንደ ምስለኔ ሆኖ ይሠራ ነበር። ኪራይ የሚሰበስበው፣ መክፈል ያቃተውንም ከመሬቱ ለማስነቀል የሚከሰው እርሱ ነው። በእርሱ ሥር 38 ጭሰኞች ነበሩ። (ጭሰኛ የሚለው ቃል በአገራችን ሕግ ከ1975 የመሬት አዋጅ ወዲህ ቢቀርም ነገሩን የሚገልጽ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም።)

በ1879 የአየርላንድ አዝመራ ተበላሸ። ከ1845 ጀምሮ የደረሰውና አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የፈጀው ረኀብ ገና ከሽማግሌዎች አእምሮ ስላልጠፋ ገበሬው እጅግ ፈራ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የመሬት ማኅበር የተባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ ዋነኞቹ መሪዎች ማይክል ዴቪትና ፕሬዚዳንት የሆነው ቻርልስ ስትዋርት ፓርኔል ነበሩ። በመስከረም 1880 ፓርኔል በኤኒስ ከተማ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገር፣ ጎረቤቱ በግፍ የተነቀለበትን መሬት ገብቶ የሚይዝ ሰው ምን ይደረግ ብሎ ጠየቀ። ከሕዝቡ መካከል ይገደል የሚል ድምፅ ተሰማ። ፓርኔል ግን ከዚህ የተሻለና ለክርስቲያን የሚገባ መንገድ አለ አለ። ይኸውም በመንገድ፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንም ሳይቀር እንደ ለምጻም እየሸሹ ብቻውን መተው ነው። በእኛ አነጋገር እሳት እንኳ እንዳይጫጫሩት ማለቱ ነበር።

ምክሩ የተነገረው የሌላውን መሬት ስለሚነጥቅ ገበሬ ነበር። የሜዮ ሰዎች ግን በምስለኔው ላይ አዋሉት። ጭሰኞቹ ኪራዩ ከመቶ 25 እንዲቀነስላቸው ጠይቀው ባለርስቱ እምቢ ብሏቸው ነበር። ንግግሩ ከተደረገ ከሦስት ቀን በኋላ የማስነቀያ ማስጠንቀቂያ የሚያድለው ሰው በፖሊስ ታጅቦ ሲመጣ የመንደሩ ሴቶች በድንጋይና በጭቃ አባረሩት። በማግሥቱ የቦይኮት አሽከሮችና የቀን ሠራተኞች ቤቱንና እርሻውን ጥለው ወጡ። ቀጥቃጩ ፈረሶቹን ጫማ አላደርግም አለ፤ አጣቢዋ ልብሱን መለሰች፤ የባሊንሮብ ባለሱቆች ዕቃ አንሸጥልህም አሉት፤ ደብዳቤ የሚያመላልሰውም ልጅ ቀረ። ካፒቴኑ ከቤተሰቡ ጋር ራሱ ከብት ሲያግድና ድንች ሲቈፍር ሰነበተ። በጥቅምት ወር ስለ ደረሰበት ሁሉ ለለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ጻፈ፤ ነገሩም በዓለም ተሰማ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ርዳታ ከጥቃቱ ይልቅ የጐዳው ይመስለናል። በኅዳር ወር ከካቫንና ከሞናጋን 50 ፕሮቴስታንት በጎ ፈቃደኞች አዝመራውን ሊሰበስቡለት መጡ። መንግሥትም እነርሱን የሚጠብቁ ብዙ መቶ ወታደሮችና ፖሊሶች ላከ። ሠራዊቱ በግቢው ሰፍሮ በዝናብ ውስጥ የተሰበሰበው ሰብል ከ500 ፓውንድ የማይበልጥ ሲሆን የጥበቃው ወጪ 10,000 ፓውንድ ያህል እንደ ነበር ተገምቷል። ቦይኮትም ወሩ ሳያልቅ ቤቱን ለቀቀ፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጄምስ ሬድፓዝ እንደ ተረከው፣ ከመንደሩ ቄስ ከአባ ጆን ኦማሌ ጋር በማዕድ ተቀምጠው ሳሉ ለዚህ አድራጎት የሚስማማ ስም ቸገረው። በእንግሊዝኛ ያለው ቃል «ኦስትራሳይዝ» ነበር፤ ይህም የጥንት አቴናውያን በሸክላ ስባሪ ላይ የሰው ስም እየጻፉ ለ10 ዓመት ከአገር ያስወጡበትን ሥርዐት የሚያስታውስ የሊቃውንት ቃል ነው። ቄሱ ግን ይህ ለገበሬዎቼ አይገባቸውም አሉት፤ ጥቂትም አስበው ምስለኔውን ራሱን ግሥ እናድርገው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ቃሉ ለገበሬ ተብሎ መፈጠሩን ልብ ይሏል! ብዙ ሳይቈይ የለንደን ጋዜጦች ይጽፉት ጀመር፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ወደ ጀርመንኛና ወደ ሩስኛ ገባ። ባለስሙ በ1881 ወደ አሜሪካ ሲሄድ «ቻርልስ ከኒንግሃም» ብሎ መመዝገቡ ከገዛ ስሙ ሽሽት ነበር።

ድርጊቱ ግን ከቃሉ ይቀድማል። በ1791 የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድ እንዲቀር የቀረበለትን ሐሳብ በጣለ ጊዜ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች በባሪያ ጉልበት የተመረተ ስኳር አንቀምስም ብለዋል። እዚህ ላይ ልዩነቱን እናስተውል። ስኳሩን የተወው ሰው ራሱን ከአንድ ነገር ከለከለ፤ የሜዮ መንደር ግን አንድን ሰው ከኑሮ ከለከለ። ያን ጊዜ ባለሱቁ የተባበረው በፈቃዱ ነው ወይስ በፍርሃት? ካፒቴኑ ሠራተኞቼ በማስፈራራት ተወሰዱ ሲል የማኅበሩ ሰዎች በወዶ ዘማችነት ነው ይሉ ነበር። ለእኛ ሁለቱም የነበረ ይመስለናል። በ1887 ስለ አየርላንድ የወጣው የወንጀል ሕግም ቦይኮትን ከማስፈራራት ጋር አንድ ላይ አስቀጣ።

የእንግሊዝኛው ቃል ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይዟል። በ1905 ቻይናውያን ነጋዴዎች የአሜሪካን ዕቃ አንገዛም ያሉት ቦይኮት ነው፤ ሚያዝያ 1 ቀን 1933 ናዚዎች በአይሁድ ሱቆች በር ላይ ዘብ ያቆሙበትም በዚያው ስም ተጠርቷል። ስለዚህም በ1955 የሞንትጎመሪ ጥቁር ሕዝብ በአውቶቡስ አንሳፈርም ብሎ 381 ቀን በእግሩ ሲሄድ፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በቃሉ መቸገራቸውን ጽፈዋል። የነጮች ማኅበሮች ጥቁሮችን ለማስራብ በዚሁ ዘዴ ይሠሩበት ስለ ነበር ነው። እርሳቸውም የእኛ ሥራ ከክፉ ሥርዐት ጋር ትብብርን ማቋረጥ ነው ወደሚለው አዘነበሉ።

አማርኛ በዚህ ነገር ከእንግሊዝኛ የተሻለ ዕድል አለው። ጸሓፊዎቻችን ቦይኮትን አንዳንዴ «አድማ» እያሉ ይተረጕሙታል፤ አድማ ግን የሥራ ማቆምንም ሤራንም ስለሚጨምር አንባቢን ያሳስታል። «አገለለ» ብንል የሜዮውን፣ «ራሱን አገለለ» ብንል የስኳሩን ትርጕም እናገኛለን። ለምሳሌ በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወጡ። ኒውዚላንድ አልተገለለችም፤ ሯጯ ጆን ዎከር በ1,500 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ሳይሮጥ የቀረው የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ነው። ሁለቱን ወርቆቹን ለማግኘት እስከ 1980፣ እስከ ሞስኮ ድረስ ጠበቀ፤ በዚያም ጊዜ ራሷን ያገለለችው አሜሪካ ነበረች።