በሽጉጥ ላይ የተቀረጸ ምስልና ጽሕፈት

የጦር መሣሪያን ማስጌጥ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ጋሻው በብር ይለበጣል፤ የጐራዴው ሰገባ በከፈይ ይሸፈናል፤ የጠመንጃው ሰደፍ በቀንድና በዝሆን ጥርስ ይዋባል። ነገር ግን ጋሻ በክንድ ተይዞ በአደባባይ የሚታይ ሲሆን፣ ሽጉጥ በአፎቱ ተሸሽጎ የሚውል መሣሪያ ነው። እንግዲህ በሽጉጥ ላይ የሚቀረጸው ጌጥ ለማን ዓይን የተዘጋጀ ነው? የቀራጺው ሥራ ከእጁ ቅልጥፍና ይልቅ ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ሊመዘን ይገባል።

አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ተሽከርካሪ ሽጉጡን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1836 በፓተንት አስመዘገበ። የመጀመሪያው ድርጅቱ ከስሮ ቢዘጋም፣ በኋላ እንደገና ሲቋቋም ጌጥን ከንግዱ ጋር አጣምሮ ያዘ። ለዚህም ሥራ የኒው ዮርኩን ዋተርማን ኦርምስቢን አሠራ። ኦርምስቢ የባንክ ኖት ቀራጺ ነበር፤ ምርጫውም ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ለመኮረጅ የሚያስቸግር ደቃቅ መስመር ገንዘብንም ሽጉጥንም ከአስመሳይ ይጠብቃልና። ሥዕሉ አንድ ጊዜ በጠንካራ ብረት ላይ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ ባሩድና አረር የሚጎርሰው የሽጉጡ ተሽከርካሪ ክፍል በታላቅ ጫና ሥር እየተንከባለለ ሥዕሉን በገላው ላይ ይቀበላል። በዚህ ዘዴ አንድ ሥዕል በብዙ ሺህ መሣሪያዎች ላይ ታተመ።

በ1851 ስም የሚጠራው «ኔቪ» የተባለው ሽጉጥ በተሽከርካሪው ዙሪያ የመርከቦች ውጊያ አለበት፤ በሃርትፎርድ ብቻ ከ200,000 በላይ ተሠርቷል። ሥዕሉ የቴክሳስ የባሕር ኃይል ከሜክሲኮ መርከቦች ጋር በካምፔቼ አጠገብ የተዋጋበትን ጊዜ የሚያሳይ ሲሆን፣ ሜይ 16 ቀን 1843 የሚለው ቀንም አብሮ ተቀርጾበታል። ቴክሳስ በዚያን ጊዜ ራሷን የቻለች ሪፑብሊክ ነበረች፤ የባሕር ኃይሏም ከኮልት የመጀመሪያ ደንበኞች አንዱ ነበር።

የኦርምስቢ ብልኅነት የሚታየው ሥዕሉን ከመሣሪያው ቅርጽ ጋር በማስማማቱ ነው። በክብ ብረት ላይ የዞረው ውጊያ መነሻና መድረሻ የለውም፤ ተመልካቹ ሽጉጡን በእጁ ይዞ ካላዞረው መርከቦቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያያቸው አይችልም። በሸራ ላይ ቢሆን ጉድለት የሚባለው ነገር እዚህ ውበት ሆኗል፤ የመሣሪያው መዞር የታሪኩ መተረክ ነውና። ጌጡ ለባለሽጉጡ ዓይን ተዘጋጅቷል፤ ሌላው ሰው በሩቅ ሆኖ አያየውም። ይሁን እንጂ መስመሩ ጥልቀት የለውም። በአፎት ሲገባና ሲወጣ፣ በእጅም ሲዳሰስ ይፋቃል። ስለዚህ ሥዕሉን አጥርቶ የያዘው ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ በብርቱ ያልተሠራበት ነው፤ ጦርነት ያየው ግን የጦርነቱን ሥዕል አጥቷል።

ከእውነትም አንጻር የሚነቀፍ ነገር አለው። በካምፔቼ ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን አሉ እንጂ ለይቶ ያሸነፈ አልነበረም። በኮልት ትልቁ የፈረሰኛ ሽጉጥ፣ ድራጉን በሚባለው ላይ የተቀረጸው ሌላው የኦርምስቢ ሥዕል ደግሞ የቴክሳስ ፈረሰኞች የኮማንቺን ሕዝብ ሲያሳድዱ ያሳያል። ኮማንቺዎች የሚታዩት እየሸሹ ነው፤ ስለ ገዛ ምድራቸው ምን ሊሉ እንደሚችሉ በብረቱ ላይ ቦታ አልተተወላቸውም።

ለነገሥታት የሚሰጠው ሽጉጥ ግን እንዲህ በማኅተም አልተሠራም። ከዚያው ከድራጉን ዓይነት ሁለት ሽጉጦች አንድ ላይ ተዘጋጅተው በእጅ ተቀረጹ፤ ወርቅም በብረታቸው ውስጥ ተቀበረ። አንዱን ኮልት በ1854 ለሩስያው ቄሣር ለቀዳማዊ ኒኮላስ አበረከተ፤ ጓደኛው ለኦቶማኑ ሱልጣን ለአብዱልመጂድ የተሰጠ ነው። ሁለቱ ነገሥታት በክራይሚያ ጦርነት እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር! የሱልጣኑ ሽጉጥ ኋላ በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብቷል። ብረቱን የሸፈነው ጌጥ በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሳለውን ሐረግ የሚያስታውስ ነው፤ የእጁ ሥራ ምንም አይወጣለትም። ዳሩ ግን በሐረጉ መካከል የተቀመጠው የጆርጅ ዋሽንግተን መልክና የአሜሪካ መንግሥት ማኅተም ነው። ለአንድ ሱልጣን የንጉሥን አገዛዝ ጥሎ ሪፑብሊክ ያቆመ ሰው መልክ በወርቅ ተቀርጾ መሰጠቱ ቀራጺው ስለ ተቀባዩ ብዙ አለማሰቡን ያሳያል። ስጦታው ስለ ሰጪው ብቻ ይናገራል። በርካሹ ብረት ላይ የታተመው የኦርምስቢ ሥዕል በዚህ ረገድ ከወርቁ ይበልጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ጌጡ እጅግ ያነሰው፣ ታሪኩ ግን የከበደው የስጦታ ሽጉጥ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1860 በጐንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሲሞት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ እርሱ ብዙ ደክመው ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያም ስለዚህ ምስጋናዋን ለመግለጽ በ1862 በአዲሱ ቆንስል በካሜሮን እጅ ሽጉጥ ላከችላቸው። በላዩ ምስል የለም፤ ያለው ጽሕፈት የተቀረጸበት የብር ሰሌዳ ነው። የቃሉም ይዘት ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ ተደረገው ቸርነት ጥቂት የምስጋና ምልክት ማበርከቷን የሚገልጽ ነው።

የጽሕፈቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የተጻፈ ቃል በግእዝ ፊደል አንድ መስመር እንኳ አልተጨመረበትም፤ የተሰጣቸውም ንጉሥ ያለ አስተርጓሚ ሊያነቡት አይችሉም ነበር። ሰሌዳው እንደ ወርቁ ድራጉን የራሱን አገር ሰው የሚያናግር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት፣ በፋሲካ ማግስት፣ እጃቸውን ለጄኔራል ናፒየር ጦር ላለመስጠት በመቅደላ አምባ ላይ ራሳቸውን የገደሉት በዚሁ ሽጉጥ ነው። አምባውን ጥሰው የገቡት የንግሥቲቱ ወታደሮች ሽጉጡን ከሬሳው አጠገብ አንሥተው በብሩ ላይ የተቀረጸውን አነበቡ፤ ለማንበብም አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።