ከመወለዷ በፊት የተከተበችው ልጅ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። የማወጋችሁ ስለ አንዲት እናት፣ ስለ አንዲት ልጅ እና በፌስታል ተጠቅልላ ባሕር ስለተሻገረች አንዲት ካርድ ነው።

ወሩ ነሐሴ ነው። አገሩ ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ፣ የእኛ ሰው የበዛበት ሰፈር። እናትዬዋ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ወሯ ነው። ልጇ አምስት ዓመት አልፏታል፤ ኪንደርጋርተን ልትገባ ነው። አዲስ ቦርሳ ተገዝቶላት እሱን አቅፋ ነው ያደረችው። እናትዬዋ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ገና አልያዘልኝም፤ እባክዎ አብረውኝ ይሂዱ» አለችኝና ሄድን።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ነርሷ ተቀበለችን። ፓስፖርቱ ታየ፣ የቤት ኪራይ ውሉ ታየ። ቀጥሎ «የክትባት ወረቀት» ተባለ። እናትዬዋ ፌስታሉን ፈታች። ካርዷ እጥፋቷ ላይ ሳስታለች፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉት ቀኖች ግን ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። የጤና ጣቢያው ማኅተም አለ። በተወለደች ጊዜ፣ በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በ15 ወር፤ አንድም የተዘለለ የለም።

ነርሷ ካርዷን አየች። ፓስፖርቱን አየች። ደግማ ካርዷን አየች።

«ፓስፖርቱ በ2019 ተወለደች ይላል፤ ይህ ግን በ2012 ተከተበች ይላል። ከመወለዷ ሰባት ዓመት በፊት እንዴት ትከተባለች? ካርዱ በእርግጥ የእሷ ነው?»

እናትዬዋ ቋንቋው ባይገባትም ድምፁ ገባት። «ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምንም አላጠፋሽም ልጄ» አልኳት። ነገሩ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ወረቀት አውጥተን ቀኖቹን መለወጥ ጀመርን። የተወለደችበት ታኅሣሥ 12 ቀን 2012 በእነሱ ዲሴምበር 22 ቀን 2019 ሆነ። የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቷ፣ መስከረም 14 ቀን 2013፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2020 ሆነ። የ15 ወሩ፣ መጋቢት 15 ቀን 2013፣ ማርች 24 ቀን 2021። ነርሷ አንድ በአንድ ጻፈችው፤ ፊቷም ተፈታ።

ግን ገና አላለቀም። «የ9 ወሩ እዚህ አይቆጠርም» አለች። ይህን መተርጎም ከበደኝ። እናትዬዋ ልጇን አዝላ፣ ወረፋ ጠብቃ ያስከተበችው ነዋ! ምክንያቱን ጠይቄ ነገርኳት። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ደሙ ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ እሱ ሳይጠፋ የተሰጠ የኩፍኝ ክትባት በደንብ ላይዝ ይችላል። ኩፍኝ በሚመላለስበት አገር ደግሞ ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ ሕፃኑን ለሞት ማጋለጥ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር በ9 ወር ይሰጥና በ15 ወር ይደገማል። አሜሪካኖቹ የሚቆጥሩት ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠውን ነው፤ የእነሱ መርፌ ደግሞ ከኩፍኝ ጋር ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን ይዟል። ሁለቱም አገር ልጆቹን ያዳነው የደጁን ጠላት አይቶ ነው።

ልጅቷ የጎደላት ያ የሦስትዮሽ ክትባት፣ የጉድፍ፣ የጉበት በሽታ «ኤ»፣ እና አራት ዓመት ካለፈ በኋላ የሚደገሙት የፖሊዮና የመንጋጋ ቆልፍ ነበሩ። ነርሷ በሩን አልዘጋችም። በቨርጂኒያ ልጅ ከሚፈለጉት ክትባቶች ከእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ከወሰደ፣ ሐኪም የቀሪውን ቀጠሮ ከጻፈለት፣ በ90 ቀን ውስጥ እያሟላ መማር ይችላል።

በአውቶቡስ ወደ ክሊኒክ ስንሄድ እናትዬዋ ዝም ብላ ቆየችና ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ልጄ ብትታመም የምጎዳው እኔ። ትምህርት ቤቱን ምን አገባው?»

ደግ ጥያቄ ነው። አሜሪካም ራሷ ስትጠይቀው ኖራለች። የቦስተን ከተማ በ1827 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የፈንጣጣ ክትባት ያልወሰደ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ደነገገች። ማሳቹሴትስ በ1855 የመላው ግዛት ሕግ አደረገችው። ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ውስጥ ሮዛሊን ዙክት የምትባል ልጅ ስላልተከተበች ከትምህርት ቤት ታገደች፤ ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1922 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ከተማዋ ሥልጣን አላት ብለው ወሰኑ።

ሕጉ እያለም የተዘናጋ ሰው ዋጋ ከፍሏል። ከ1989 እስከ 1991 አሜሪካ ውስጥ 55,000 ያህል ሰው በኩፍኝ ታመመ፤ ከ120 በላይ ሞተ። ከዚያ መከራ በኋላ መድን ለሌላቸው ልጆች መንግሥት ክትባት በነጻ የሚያቀርብበት መርሐ ግብር በ1994 ተጀመረ። የእኛዋ እናትም ለክትባቱ ዋጋ አልከፈለችም።

የጎረቤቶቻችንን ነገር ደግሞ ስሙ። ሚኒሶታ ውስጥ በ2004 ከመቶ የሶማሌ ተወላጅ ሕፃናት 92ቱ የኩፍኝ ክትባት ወስደው ነበር። ከዚያ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚል ወሬ ገባ። ወሬው የተደገፈበትን የ1998 ጽሑፍ ያሳተመው መጽሔት በ2010 ሰርዞታል፤ ፍርሃቱን ግን የሰረዘው የለም። በ2014 ቁጥሩ ወደ 42 ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ ክትባቱን የፈሩ የሶማሌ ተወላጆች ልጆች ነበሩ። እነዚያ ወላጆች ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ነበር የፈሩት።

«ስለዚህ ልጄ» አልኳት፣ «ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ በሽታው እስከ ሁለት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ አየሩ ላይ ይቆያል። ከልጅሽ አጠገብ የምትቀመጠው የካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ልትሆን ትችላለች፤ እሷ ይህን ክትባት መውሰድ አትችልም። የሌላዋ ወንድም ገና የአራት ወር ጨቅላ ነው። እነሱን የሚጠብቃቸው የልጅሽ ክንድ ነው። በሩ የሚጠይቅሽ ስለ እነሱም ነው።»

እናትዬዋ ልጇን ወደ ራሷ አስጠጋቻት። «እንዲህ ከሆነስ» አለች፣ «ለሰው ልጅም ነው።»

ክሊኒኩ ውስጥ ልጅቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች። መርፌው ሲገባ የቦርሳውን ማንገቻ ጨምድዳ ያዘች፤ አለቀሰች፤ ተወች።

በቋንቋችን መክተብ መጻፍም ነው፤ መከላከያ መስጠትም ነው። ክታብም ክትባትም ከዚያው ከአንድ ሥር ወጡ። ያቺ ልጅ እንግዲህ ሁለት ጊዜ የተከተበች ናት፤ አንዴ በክንዷ በመርፌ፣ አንዴ በካርዷ በብዕር። ወረቀቱ ከጠፋ ልጅ የወሰደችውን ሁሉ እንደገና ልትወጋ ትችላለች።

ከአገር የምትወጡ ወላጆች ሆይ፣ ከፓስፖርቱ ጋር ካርዷን ያዙ። ቀኖቹን ሳትሳፈሩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስለውጡ፤ ጤና ጣቢያው በማኅተም ቢያረጋግጥላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ቀድማችሁ የመጣችሁ ደግሞ፣ አዲስ የመጣችውን እህታችሁን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኟት።