ንብ፣ ሻደይና እጣን፦ የዋግ ትረካ

ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሰማም ለልጁ ያሰማ። ዛሬ የምተርክላችሁ የዋግን ነገር ነው። ዋግ የት ነው ብትሉ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 720 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ላስታን አልፋችሁ፣ ተከዜን ሳትሻገሩ ነው። ዋና ከተማዋ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ደጋው ገብስና ባቄላ ያበቅላል። ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ሰሃላ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ማሽላው፣ ፍየሉ፣ ግራሩና የእጣን ዛፉ ይቀበሏችኋል። ባለአገሩ አገው ኽምራ ነው፤ ቋንቋው ኽምጣኛ ነው፤ በአማርኛም ከጎረቤቱ ጋር ይግባባል።

የዋግ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ረሃብን ነው። ረሃቡ እውነት ነው፤ አልሸሽገውም፤ እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የትረካዬን ፍሬ ልንገራችሁ፦ በዚህ አገር የሚበላው፣ የሚበቅለውና የሚተረከው አንድ ላይ ኖረዋል። አንዱ ሲጎዳ ሁለቱም ይታመማሉ፤ አንዱን አድናለሁ የሚል ሰው ሦስቱንም ማንሣት አለበት።

ከንብ ልጀምር።

የዛጉዌው ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ፣ አሉ፣ ንቦች መጥተው ሕፃኑን ከበቡት። እናቱ ይህን አይታ አልደነገጠችም፤ ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት ብላ ተናገረች። ነገሩ በገድሉ ተጽፏል፤ ገድል ያላነበበውም ሰው ከአያቱ ሰምቶ ያውቀዋል። እስቲ አስቡት፤ የንጉሥን ክብር ለመመስከር አንበሳ መጥራት ይቻል ነበር፤ ንስር መጥራትም ይቻል ነበር። የአገው አገር ተረት የጠራው ንብን ነው። ንብ የሰፈረበት ቦታ አበባ አለ፤ አበባ ያለበት ቦታ ዝናብ ጥሏል፤ ዝናብ የጣለበት አገር ጎተራው ይሞላል። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ለንጉሡ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ያመጣል?

ዘውዱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1270 ወደ ይኩኖ አምላክ ሲያልፍ፣ የዛጉዌ ዘር ዋግን ርስት አድርጎ ቀረ ይባላል። ገዢዎቹም ዋግ ሹም ተባሉ። ከነዚሁ መካከል ዋግ ሹም ጎበዜ በ1868 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ሦስት ዓመት ገዝተው በ1871 ዐድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሆኑ። ንግሥናው መጣ፣ ሄደ። ንቡ ግን ከዋግ አልሄደም። ክረምቱ ሲወጣ መንጠሴ የሚባለው ቁጥቋጦ ነጭ አበባውን ሲያፈነዳ፣ ቀፎው በጥቅምትና በኅዳር ለቆረጣ ይደርሳል። ከዚያ ማር ብርዙ ይበረዛል፣ ጠጁ ይጣላል፣ ለታማሚው መድኃኒት ይቀመጣል። ዛሬ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ንብ ሲያጠና፣ ያ የጥንቱ ተረት የሚያውቀውን ነገር በሚዛንና በቁጥር እየፈተሸ ነው ማለት ይቻላል። መንጠሴው ከተመነጠረ ማሩ አይኖርም። ማር የማያውቅ ልጅ ደግሞ የላሊበላን ንቦች ሲሰማ ምን እንደተባለ በልቡ አይገባውም።

አሁን ከማሩ ወደ ሣሩ እንለፍ።

ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ይፈታል። በዚያ ቀን የዋግ ልጃገረዶች ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ኩላቸውን ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ይወጣሉ። በወገባቸው ዙሪያ የሚያስሩት ረጅም ለምለም ሣር ሻደይ ይባላል፤ በዓሉም የሣሩን ስም ይዟል። ይኸው ጨዋታ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ባለቤቶቹም ያላቸውን ይሰጣሉ። ለዘፈኑ ምግብ ይመለሳል፤ የተሰበሰበውም ለጋራ ድግስ ይውላል።

ሣሩ ከየት መጣ ብላችሁ ሽማግሌዎችን ብትጠይቁ ከአንድ በላይ ተረት ትሰማላችሁ። አንዱ የኖኅን ርግብ ይጠራል፦ የጥፋት ውሃ ሲጎድል ርግቢቱ ለምለም ቅጠል ይዛ ተመለሰች፤ ምድር መድረቋን የሰሙ ሁሉ ቅጠል ይዘው ዘለሉ፤ ሻደይ የዚያ ደስታ ማስታወሻ ነው ይላል። ሌላው የእመቤታችንን ዕርገት ይጠራል፦ መላእክት በዝማሬ እንደሸኟት፣ የምድር ልጃገረዶችም ለምለም ይዘው ዘመሩላት ይላል። ሁለቱም ተረቶች የሚገናኙበት ቦታ አለ። ነሐሴ በዋግ ጎተራው የሚራቆትበት፣ እህሉ ገና ከማሳ ያልገባበት ወር ነው። ሆዱ ባዶ ሆኖ ዓይኑ ግን በለምለም የተከበበ ሰው፣ ያ ለምለም የተስፋ ቃል ሆኖ ካልታየው ክረምቱን እንዴት ይወጣዋል? ሻደይ ያን ተስፋ በልጆቹ ወገብ ላይ ያስረዋል።

ከደጋው ሣር ወደ ቆላው ዛፍ እንውረድ።

ተከዜን ተከትሎ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ ገደላገደል ላይ የእጣን ዛፍ ቆሟል። አፈር በጠፋበት ድንጋይ ላይ ሥሩን ሰድዶ ይኖራል። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ያኔ ሰዎች ቅርፊቱን በስለት ይልጡታል፤ ከቁስሉ ነጭ ሙጫ ይወጣል፤ ደርቆ እጣን ይሆናል። ሙጫውን ለቅመው ቁስሉን እንደገና ያድሱታል፤ እንዲህ እያሉ ዝናብ እስኪመጣ ይደጋግሙታል። ያ እጣን በቤተ መቅደሱ ጽና ላይ ይታጠናል፤ በቡናው ረከቦት አጠገብም ይጨሳል። ቡናው ሦስት ጊዜ ሲፈላ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል፣ ጎረቤት ተቀምጦ ወሬውን፣ ታሪኩን፣ ምክሩን ያወራል። እንግዲህ ቁጠሩ፦ ዛፉ ጭሱን ሰጠ፤ ጭሱ ሰውን ሰበሰበ፤ የተሰበሰበው ሰው ቆሎውን እየቆረጠመ ተረከ።

ይህ ዛፍ ግን እያለቀ ነው። ቁስሉ ሲበዛበት ዘር ማፍራት ይሳነዋል። የበቀለውን ችግኝ ከብትና ፍየል ይግጠዋል፤ እሳት ይበላዋል፤ የታመመውን ግንድ ጢንዚዛ ይቦረቡረዋል። በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመዋል፤ የሚተኳቸው ልጆች ግን የሉም። የአበርገሌ ፍየል ደግሞ ለቆላው ሰው ወተቱም ሥጋውም የክፉ ቀን ገንዘቡም ነው፤ ስለዚህ ፍየሉን አጥፉ ማለት መልስ አይሆንም። ችግኙ ጥርስ እስኪያልፈው ድረስ ቦታውን ከልሎ መጠበቅ ግን ይቻላል። ደጋው ይህን ያውቅበታል። ዛፍ የሌለው ደብር እንደተራቆተ ስለሚቆጠር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ ጽዱና ወይራው ተጠብቆ ኖሯል። መጥረቢያውን የመለሰው አጥሩ ብቻ አይደለም፤ የታቦቱን ዛፍ የቆረጠ ሰው ይቀሰፋል የሚለው ትረካም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ረሃቡ ደረስኩ።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን ዘመን፣ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈቱ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ዝናቡ ቀረ፣ ጦርነቱ ነደደ፤ የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ እርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም ተጓዘ፤ ብዙው በመንገድ ቀረ። በነዚህ ዘመናት ጎተራው ባዶ ሲሆን ሰው የሄደው ወደ ዱሩ ነበር። በቆላው ቁርቁራ፣ እንኮይ፣ ሮቃ፤ በደጋው አጋምና ቀጋ፤ በየጓሮው ሳማ። የትኛው ፍሬ በየትኛው ወር ይበስላል፣ የትኛው ሥር ይቀቀላል፣ የትኛው ሳይታጠብ ቢበላ ይገድላል? ይህ ሁሉ የተጻፈበት መጽሐፍ አልነበረም። በእናቶች አፍ፣ በእረኞች ጨዋታ፣ በእንቆቅልሽና በተረት ውስጥ ነበር የተቀመጠው።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ላምጣ። የጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪም በ1812 ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ውስጥ፣ ረሃብ ሲመጣ ወላጆቻቸው ጫካ ወስደው የጣሏቸው ወንድምና እህት አሉ። ልጆቹ በጫካው መካከል ከዳቦ የተሠራ ቤት ያገኛሉ፤ ቤቱ ግን ሰው በላ ጠንቋይ የምትኖርበት ወጥመድ ነው። የዚያ አገር ሰው ጥቅጥቅ ጨለማ ጫካ ነበረው፤ ጫካውም በተረቱ ውስጥ የሚያስፈራ ሆኖ ገባ። በዋግ ዱሩ ሳስቷል፤ ዛፉም ከሩቅ ይቆጠራል፤ የተራበ ሰውም በውስጡ የሚያገኘው ፍሬ ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ረሃብን ያውቃሉ። ረሃቡን የተረኩበትን መንገድ የለየው የበቀለላቸው ዛፍ ነው።

የሩቁን ትተን የቅርቡን፣ የአንድ እናት ልጆችን እንይ። አገው ከአንድ ግንድ የወጡ ብዙ ቅርንጫፎች አሉት። በእንጅባራ ዙሪያ ያሉት አዊዎች ዝናብ በጠገበ አገር ይኖራሉ፤ ማሳቸው ድንችና ዳጉሳ ነው፤ ጓሯቸው ቀርቀሃ ነው። ቀርቀሃው ቤት፣ አልጋና መሶብ ይሆንላቸዋል፤ ክብራቸውን ደግሞ በፈረስ ላይ ይተርካሉ። በጎንደር በኩል ያሉት ቅማንቶች የጥንት አምልኳቸውን የፈጸሙት ዛፍ በተከለለበት ስፍራ ነው፤ ደኑ ራሱ ቤተ መቅደሳቸው ነበር። ኤርትራ ውስጥ በከረን አካባቢ የሚኖሩት ብሌኖች አባቶቻችን ከላስታ መጡ ብለው ይተርካሉ። በዚያው በከረን አጠገብ፣ በግዙፍ ባኦባብ ግንድ ውስጥ የማርያም ቤተ ጸሎት አለ፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1941 ጦርነት የመድፍ ጥይት ሲወርድ ወታደሮች በዚያ ግንድ ተጠልለው ተረፉ እየተባለ ይወራል። ቋንቋቸውን ብትመረምሩት የዘመዳሞች ቋንቋ ነው፤ ገበታቸውና ትረካቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ የቀርቀሃ፣ አንዱ የተከለለ ደን፣ አንዱ የባኦባብ፣ የኛው ኽምራ ደግሞ የእጣንና የመንጠሴ ልጅ ሆነ። ወደ ደቡብ ብትሻገሩም ይኸው ነው። ጌዴኦ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡና አብሮ ያበቅላል፤ ዩኔስኮም በ2023 ያን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የተመዘገበው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ ሰውና ዛፍ አብረው የኖሩበት ሥርዓት ጭምር ነው።

ወደ ዋግ እንመለስ፤ አዲስ ነገር መጥቷልና።

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ ወንዙን ሐይቅ አድርጎታል። ፍየል ሲጠብቁ ያደጉ የአበርገሌና የዝቋላ ወጣቶች ዛሬ መረብ ይጥላሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ። ዓሣው ገበያ ወጥቷል፣ ምጣድ ላይ ተጥዷል፤ ተረት ውስጥ ግን ገና አልገባም። ዓሣው የሚረባበት ወር የትኛው ነው? ምን ያህል ወጥቶ ምን ያህል ይተው? ማሩንና ሻደዩን በተረት የጠበቀ አገር ለዓሣውም ተረት ያስፈልገዋል፤ አለዚያ መረቡ ሐይቁን ያራቁተዋል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት መቀንጨራቸው እስከ 2030 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንዲያበቃ ቃል ገባ፤ ለቃሉም የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚል ስም ሰጠው። በረሃብ የታወቀች ከተማ ስሟን ለጥጋብ ተስፋ አበደረች። ከዚያ ወዲህም ጦርነት መጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ድርቁ በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ከብቱን ጨረሰ። ቃሉ ገና አልተፈጸመም፤ ስለዚህ ገና ይጠየቃል።

እኔም ሰሚዎቼን ልጠይቅ። የጤና ባለሙያው ለእናቶች ስለ ምግብ ሲያስተምር፣ ከዶሮና ከእንቁላሉ ጋር ቁርቁራውንና ሮቃውንም ይጥራ። የችግኝ ጣቢያው የባሕር ዛፍ ችግኝ ሲያፈላ፣ የእጣኑንና የእንኮዩን ዘርም ያፍላ፤ የተተከለበትንም ቦታ ይከልል። ልጆች በኽምጣኛ ሲማሩ፣ የንባብ መጽሐፋቸው አያቶቻቸው የሚያውቁትን ተረት፣ በተረቱ ውስጥ ያለውን ዛፍና ፍሬ በስሙ ይዞ ይምጣ። መቅረጸ ድምፅ ያለው ወጣት በዚህ በጋ ከአንዲት እናት ዘንድ ተቀምጦ፣ በ77 ምን በልታ ልጇን እንዳተረፈች ጠይቆ ይቅረጽ፤ የዚያን ዘመን እናቶች ዕድሜ እየገፋ ነውና ለከርሞ አይቆይ።

በአገራችን ልማድ ተራኪ ተረቱን ሲጨርስ ሰሚው ተረቱን እንዲመልስለት፣ አፉንም በዳቦ እንዲያብስለት ይጠይቃል። እኔ ዳቦውን ትቼላችኋለሁ፤ ተረቱን ግን መልሱ። ዛፉን ተክላችሁ፣ ፍሬውን ለልጅ አቅምሳችሁ፣ ስሙን በራሱ ቋንቋ ነግራችሁ መልሱት።