ልጅ ክፉና ደጉን የሚለየው እንዴት ነው?



እንቁላል ሰርቆ የመጣውን ልጇን ሳትቈጣ የተቀበለችው እናት ተረት በሁላችን ዘንድ የታወቀ ነው። ልጁ አድጎ በሬ በሰረቀና ለስቅላት በቀረበ ጊዜ «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ ኖሮ» ብሎ እናቱን ወቀሳት ይባላል። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለአለንጋ ምስክር አድርገን ነው። ነገሩን ስንመረምረው ግን የእናቲቱ ስሕተት አለመግረፏ ብቻ አይደለም፤ «አንዲት እንቁላል ምን አላት?» ብላ በደሉን በዕቃው ዋጋ መመዘኗ ነው።

ይህ ሚዛን የሕፃን ሚዛን ነው። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ዣን ፒያዤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ገልጿል። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ 15 ስኒ ሰበረ፤ ሌላው ተደብቆ ማርመላታ ሊወስድ ሲንጠራራ አንድ ስኒ ሰበረ፤ የማንኛው ጥፋት ይብሳል? ብሎ ልጆችን ቢጠይቅ፣ ታናናሾቹ ባብዛኛው 15ቱን የሰበረውን ኰነኑ፤ ታላላቆቹ ግን አሳቡን መረመሩ። ወደዚህም ማስተዋል የሚያደርሳቸው የትልቆች ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ደንብ አክብረው መጫወታቸው ጭምር መሆኑን አስረዳ።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በአዊ ምድር፣ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ፣ የብዙው ልጅ የመጀመሪያ ሸንጎ የከብት መሰማሪያው መስክ ነበረ። እረኞች ከብት የሚመልሱት በተራ ነውና፣ ተራውን የሚሸሽ ልጅ ከጨዋታው ይገለላል። ከብቱ ከሰው ገብስ የገባ እንደሆነ ባለ አዝመራው ካሣውን ይጠይቃል፤ ለልጁ የሚቀርበው ጥያቄ ግን «ምን ያህል ጠፋ?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «እንቅልፍ ጥሎህ ነው ወይስ ዐውቀህ ለቀቅኸው?» የሚል ነው። የኅሊና ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ልጁ በመስክ የጀመረውን በአባቶቹ ዘንድ ያጸናዋል። ለአድዋ ፈረሰኞችና ፈረሶች መታሰቢያ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ሕፃናት የሚያዩት ያጌጠውን ፈረስ ነው። ነገር ግን ማኅበሩ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ የተቸገረን የሚረዳም ነው። በፈረስ ላይ የተከበረው አባት በሽማግሎች ፊት ዝቅ ብሎ «በድያለሁ» ሲል ያየ ልጅ፣ ሕግ ለታናሽ ብቻ እንዳልተሠራ ይረዳል።

ሕጋችንም የኅሊናን አበቃቀል ተመልክቷል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከወንጀል ኃላፊነት ነፃ አደረገ፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም እንደ ዐዋቂ ከመቅጣት ይልቅ በልዩ ውሳኔ እንዲታረም ደነገገ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህንኑ ሥርዓት ጠበቀ።

የትምህርት ቤት ታሪክ ግን ብዙ ተለዋውጧል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይሰጥ የነበረው ግብረ ገብ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለፖለቲካ ትምህርት ስፍራውን ለቀቀ፤ ቀጥሎም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ግብረ ገብ በስሙ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመልሷል። መመለሱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ የጻፈውን ወላጅ በቤቱ የሚያፈርሰው ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች መስኩንና ሽማግሎቹን ትተን ወደ ከተማ ገብተናል፤ ልጆቻችን ሸንጎ የሚያዩት በእኛው ቤት ብቻ ነው። ብርጭቆ ሲሰበር «ስንት ያወጣል?» ብለን የምንቈጣ፣ ከመሥሪያ ቤት ያመጣናትን እርሳስ ግን «ለትምህርትህ ትሁንህ» ብለን በፈገግታ የምንሰጥ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ከቃላችን አይደለም። እርሳሷ ዋጋዋ ጥቂት ነው፤ እንቁላሏም እንዲሁ ነበረች።