ለውኃ እንቁራሪት ገንዳ የሚስማማ ማጣሪያ እንዴት ይመረጣል?

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በመስታወት ገንዳ የውኃ እንቁራሪት ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከማጣሪያው ዋጋ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ መብራትና ውኃ ሲቋረጡ ማጣሪያው ምን ይሆናል የሚለውን ነው።

ዕድሜውን ሙሉ በውኃ ውስጥ የሚኖረው ጥፍራም እንቁራሪት በሳይንሳዊ ስሙ ዜኖፐስ ይባላል። ዜኖፐስ ክሊቪ የተሰኘው ዝርያ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ይገኛል። ዜኖፐስ ላርጌኒ ደግሞ ከደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይታወቅም፤ ለመጥፋት የተጋለጠ በመሆኑም ከመኖሪያው ተይዞ ሊወሰድ አይገባም።

እንቁራሪቱ አየር የሚስበው በሳንባው ስለሆነ የውኃው ኦክስጅን ማነስ ብዙም አይጎዳውም። የሚገድለው ከቆሻሻውና ከተረፈ ሥጋ የሚወጣው አሞኒያ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ለዚህ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ወራት ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

ኃይለኛ ፓምፕ ያለው ማጣሪያ ለዚህ እንስሳ አይመችም። በጎኖቹ ላይ ስፌት የሚመስሉ መስመሮች አሉት፤ የውኃን ንቅናቄ የሚለየው በእነርሱ ነውና የማያቋርጥ ግፊት ያስጨንቀዋል። ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ዝግ ማጣሪያ ደግሞ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ በውስጡ ያለው ኦክስጅን አልቆ ባክቴሪያው ይሞታል፤ መብራት ሲመለስ የበሰበሰውን ወደ ገንዳው ይተፋዋል። በአየር ፓምፕ የሚሠራው የስፖንጅ ማጣሪያ ግን በገንዳው ክፍት ውኃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ይህ አደጋ ይቀንስለታል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለላፍቶ ቤት ከዚህ የተሻለ የለም። ፓምፑ ከውኃው ወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ወደ ፓምፑ ሊገባ ይችላል።

ክሎሪን ባክቴሪያውን ስለሚገድል ስፖንጁ በቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ቀስ ብሎ መጭመቅ ይበቃል። በየሳምንቱ የገንዳው ውኃ ሩቡ ይለወጥ፤ ተተኪውም ቢያንስ ለ24 ሰዓት በክፍት ባልዲ የቆየ ይሁን። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ባልዲውን አስቀድሞ መሙላት ግድ ነው። ከገንዳው የሚወጣው ውኃ ናይትሬት ስላለው ለአበባና ለችግኝ ይጠቅማል፤ ሳልሞኔላ ሊኖርበት ስለሚችል ግን ጥሬውን በሚበላ ሰላጣ ላይ አይፈስም፤ እጅም በሳሙና ይታጠባል።

እንስሳውን ማሳደግ ያቃተው ሰው ወደ አቃቂ ወንዝም ሆነ ወደ ኩሬ ሊለቀው አይገባም፤ ጥፍራም እንቁራሪት ሌሎች እንቁራሪቶችን የሚፈጅ ፈንገስ ራሱ ሳይታመም ሊሸከም ይችላል።